የኮን ሥራ የሚጀምረው ከካሶኒው ላይ ነው፦ በመንገድ ጥገና የኮኖች አደራረብና አጓጓዝ

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የገለጻ መርሐ ግብር፣ ዲላ፣ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ርእሱን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበበ አንድ ባልደረባዬ፣ «ስለ ድልድይ ትነግረናለህ ስንል ስለ ፕላስቲክ ቆብ ልትነግረን ነውን?» ብሎ ቀልዶብኛል። አልተቀየምሁትም። እኔ ራሴ ምህንድስና ስማር ስለ አፈር አጠቃቀጥ፣ ስለ ጠጠር መጠን፣ ስለ ጎርፍ መውረጃ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ኮን እንዴት ተጭኖ እንዴት እንደሚወርድ ግን አንድም ቀን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ነገሩን የተማርሁት በሌላ ሰው እግር ዋጋ ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ጀማሪ የሳይት መሐንዲስ ሳለሁ፣ ከዲላ በስተደቡብ በወናጎ በኩል በሚያልፈው መንገድ ላይ የአስፋልት ጥገና እንከታተል ነበር። ጠዋት መኪናው ሲጫን መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ ገቡ፤ ቀጥሎ የሬንጅ በርሜል፣ ቀጥሎ አካፋና ዶማ፤ በመጨረሻ ከሁሉ በላይ ኮኖቹ ተደራርበው ተቀመጡ። ገመድ አላሰርንም። ከኮኖቹም በላይ አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ ወጥቶ ተቀመጠ። ቁልቁለቱ ላይ ባጃጅ ድንገት ከጎን ሲገባበት ሾፌሩ መሪውን ጠምዝዞ ፍሬን ያዘ። የኮኑ ድርብ ተንሸራተተ፤ ልጁም አብሮት ከስፖንዳው በላይ አልፎ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ሕይወቱ ተርፋለች፤ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነለትም።

የአደጋው መግለጫ «በሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት የደረሰ» ይላል። የጻፍሁትም የፈረምሁትም እኔ ነኝ። ውሸት ለመጻፍ አስቤ አልነበረም፤ ያን ጊዜ የሚታየኝ ይህ ብቻ ነበር። ፕላስቲክ ሰው ይጥላል ብሎ ማን ያስባል? የዛሬው ንግግሬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ወረቀት እንደገና ለመጻፍ የማደርገው ሙከራ ነው።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። ኮንን የፈለሰፈው በሎስ አንጀለስ ከተማ የመንገድ ቀለም ቀቢ የነበረው ቻርልስ ስካንሎን ነው፤ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱንም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ከእርሱ በፊት መንገድ የሚታጠረው በእንጨት አጥር ነበር፤ እንጨቱ ሲገጩት ይሰበራል፣ የገጨውንም መኪና ይጎዳል። የስካንሎን ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ቢገጩት የማይጎዳ፣ ቢነኩት ተወዛውዞ የሚቆም፣ አንዱ በሌላው ላይ ተሰክቶ ትንሽ ቦታ የሚይዝ ነገር። እንግዲህ መደራረብ ከመጀመሪያው ጀምሮ የዕቃው ባሕርይ ነው።

የእኛ አገር የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው (የቁጥሩ መመሳሰል እንዳያሳስታችሁ፤ በዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ምክንያት የሰባት ስምንት ዓመት ርቀት አለው)። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን፣ እስከ ዛሬም ድረስ፣ የመንገዳችን ምልክት ቅርንጫፍና ድንጋይ ነው። ቅርንጫፉን አልንቀውም። አስፋልት ላይ እርጥብ ቅጠል ያየ ሾፌር ማንም ሳያስተምረው ፊት ለፊቱ የተበላሸ መኪና ወይም የተቆፈረ መንገድ እንዳለ ያውቃል፤ ቅጠል ደግሞ ቢነዱበት ማንንም አይጎዳም። ድንጋዩ ግን ሌላ ነው። በቱቱ ፈላና በቱቲቲ የቆሙት ትክል ድንጋዮች የዚህ ምድር ክብር ናቸው፤ ሥራ ካለቀ በኋላ አስፋልት ላይ ተረስቶ ያደረ ድንጋይ ግን በሌሊት ለሚመጣ ሞተረኛና ለባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ወጥመድ ነው። ኮን ያለው ሁሉ ድንጋይን የሚተወው ግን አይደለም። ኮኑን ለመጫን አስቸጋሪ ሆኖ ካገኘው፣ ከድርቡ ለመለየት ከታገለው፣ ወይም መኪናው ላይ ከሥር ተቀብሮ ካጣው፣ እጁን የሚሰድደው ዳር ወዳለው ድንጋይ ነው። የአጫጫን ጉዳይ የመንገደኛም ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ክብደቱ ልምጣ። ለጥገና ሥራ የሚውለው 70 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ኮን፣ ከባድ መሠረት ካለው፣ አራት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። አንዱን በእጁ ያነሣ ሰው «ቀላል ነው» ይላል፤ አልተሳሳተም። አሥራ ሦስቱን ደራርቡ፦ 58 ኪሎ ተኩል። ይህ በዲላና በይርጋ ጨፌ መጋዘኖች ጫኝና አውራጆች በየቀኑ የሚሸከሙት የአንድ ጆንያ ኤክስፖርት ቡና ክብደት ነው፤ ጆንያው 60 ኪሎ ነውና። እነዚህን ሰዎች ቡና ሲጭኑ ተመልክታችኋል? ጆንያውን አንዱን በቁሙ፣ አንዱን በአግድሙ እያቆላለፉ ይሰድራሉ፤ ሸራ ያለብሳሉ፤ ገመዱን በእግራቸው ገፍተው ያጠብቃሉ። ቡና ከባድ ነው ብለው ስለሚያከብሩት ነው። ኮን ግን ያው ክብደት ኖሮት ሳለ ፕላስቲክ በመሆኑ ብቻ ክብር አያገኝም። ጆንያ ደግሞ ተኝቶ ይጓዛል፤ የኮን ድርብ ቆሞ ይጓዛል። ቀጭንና ረጅም ሆኖ ሲቆም የክብደቱ ማዕከል ከፍ ይላል፤ መኪናው ሲታጠፍ መጀመሪያ የሚያጋድለው እርሱ ነው።

ስለዚህ ድርቡ ከስፖንዳው ከፍታ አይለፍ። ኮኖቹ በካሶኒው የፊት ግድግዳ ተጠግተው፣ መሠረት ከመሠረት ተነካክቶ፣ በረድፍ ይቁሙ፤ ገመድ በላያቸው ተሻግሮ በሁለቱም ወገን ይታሰር። በአናታቸው ያለው ቀዳዳ ገመድ ለማሳለፍ ይመቻል፤ ይህን የነገረኝ መሐንዲስ ሳይሆን አንድ የአይሱዙ ረዳት ነው። በርሜልና መሣሪያ ለብቻቸው ይታሰሩ፤ በኮን ላይ ምንም አይጫን፣ ሰው ከሁሉ በፊት። ሠራተኛ የሚጓዘው በጋቢና ውስጥ ነው። ጋቢናው ካልበቃ ሁለት ጊዜ መመላለስ ነው እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም። ነዳጅ ያስወጣል፤ አውቃለሁ።

መደራረቡ ራሱ የራሱ ጠባይ አለው። አንድ ዓይነት ኮን ከአንድ ዓይነት ጋር ብቻ ይደረብ፤ የተለያየ ፋብሪካ ሥራ ሲቀላቀል ወይ ጠብቆ ይጣበቃል፣ ወይ ሳይገባ ቀርቶ ይወላገዳል። ከመደረቡ በፊት ጭቃው ይጠረግ። የጌዴኦን ቀይ አፈር በዝናብ ጊዜ የረገጠ ያውቀዋል፤ በሁለት ኮን መካከል ሲደርቅ እንደ ሙጫ ነው፣ አንጸባራቂውንም ቀለበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ያ ቀለበት ከሌለ ኮኑ በሌሊት የለም። የአሜሪካው የትራፊክ መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች መመሪያ በ70 ሴንቲ ሜትር ኮን ላይ ሁለት ነጭ ቀለበት ይጠይቃል፤ የላይኛው 15፣ የታችኛው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው። በፀሐይ ላይ የዋለ ድርብም ይለሰልስና እርስ በርሱ ይነካከሳል፤ ከሥር ያለው ይጨፈለቃል። ጥላ ያስፈልገዋል። የተጣበቀውን ወደ ላይ በኃይል መጎተት ወገብ ይሰብራል፤ የታችኛውን መሠረት በእግር ይዞ የላይኛውን ጠምዘዝ ማድረግ ይበቃል።

ስንት በአንድ ጊዜ እንሸከም? የአሜሪካው ብሔራዊ የሙያ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለእጅ ማንሣት ያስቀመጠው ከፍተኛ ልክ 23 ኪሎ ነው፤ ያውም ሁሉ ነገር በተመቸበት፣ ሸክሙ ከሰውነት ተጠግቶ፣ መሬቱ ደረቅና ደልዳላ በሆነበት። አምስት ኮን 22 ኪሎ ተኩል ነው። በእኛ የመንገድ ዳር ተዳፋትና ጭቃ ላይ እኔ ከሦስት አላስበልጥም።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ 200 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ መስመር ዘግተን፣ በሁለቱም ጫፍ ባንዲራ ያዥ አቁመን፣ መኪናውን በተራ እናሳልፋለን እንበል። ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው። መግቢያው ላይ መኪናውን ቀስ በቀስ የሚያጠብበው ሰያፍ መስመር እስከ 30 ሜትር ይረዝማል፤ በየ6 ሜትሩ አንድ ኮን፣ ስድስት ኮን ማለት ነው። መውጫውም ላይ እንዲሁ ስድስት። በመካከል በየ20 ሜትሩ አንድ፣ ዘጠኝ። በድምሩ 21 ኮን፣ 95 ኪሎ ያህል። ለተሰበረና ለተወሰደ መተኪያ ሦስት አራት ጨምሩበት። ለአንዲት ትንሽ ጥገና ነው ይህ ሁሉ። በእጅ የሚጣልና በእጅ የሚሰበሰብ፣ በየቀኑ።

የአጫጫኑ ቅደም ተከተል የሚወሰነውም በዚህ አቀማመጥ ነው። መንገድ ላይ በመጀመሪያ የሚቆመው የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው፤ ከዚያ በኋላ ኮኖቹ በተሽከርካሪው ፍሰት አቅጣጫ ከመግቢያው እየጀመሩ ይቀመጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወርደው ምልክት በመጨረሻ መጫን አለበት። የእኛ መኪና ያን ዕለት ጠዋት የተጫነው በተቃራኒው ነበር፦ ምልክቱ ከሁሉ በታች፣ ኮኑ ከላይ። እንደዚያ የተጫነ መኪና በሰላም ቢደርስ እንኳ ሠራተኞቹ ምልክት ሳይቆም ኮን ለማውረድ ይገደዳሉ፤ ጀርባቸውንም ማንም ላላስጠነቀቀው ሾፌር ይሰጣሉ።

ሲቀመጥ፣ መኪናው ይቁም፤ ሁለት ሦስት ኮን ከካሶኒው ይውረድ፤ ሠራተኛው በእግሩ ሄዶ፣ ፊቱን ወደሚመጣው መኪና አድርጎ ያስቀምጥ፤ ከዚያ መኪናው ይራመድ። በሀብታም አገሮች ሠራተኛው ከመኪናው ጎን በተሠራ ዝቅ ያለ መቆሚያ ውስጥ ሆኖ ያስቀምጣል፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተመራማሪዎች ቡድንም ኮን የሚጥልና የሚሰበስብ ማሽን እስከ መሥራት ደርሷል። እኛ ያለን ፒካፕና አይሱዙ ነው። ከኋላ በር ላይ ተንጠልጥሎ ኮን መጣል የእነዚያ መኪናዎች ርካሽ ቅጂ አይደለም፤ ሌላ ሥራ ነው፣ አደጋ ነው።

አሁን ስለዚህ ቦታ አንድ ነገር። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር የተደነቀው ሰው፣ እንሰት፣ ቡናና ዛፍ ተሳስረው የሚኖሩበት ጥበብ ነው። ለመንገድ ሠራተኛ ግን ይህ ማለት ቤትና አጥር እስከ መንገዱ ዳር ይደርሳል ማለት ነው፤ መንገዱም የእግረኛው መንገድ ነው። ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ የመንገዱን ትከሻ ባዶ አድርጎ ይገምታል። እዚህ ትከሻው ላይ እንሰት ቅጠል የተሸከመች እናት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች፣ ለቅሶ የሚሄድ ሰው አለ። የኮን ድርባችንን «ከመንገድ ላይ አወረድነው» ብለን ትከሻው ላይ ስናቆም እነዚያን ሰዎች ወደ አስፋልቱ እየገፋን ነው። ድርቡ ባለበት መኪናው ላይ ይቆይ፤ ካልሆነም በታጠረው መስመር ውስጥ።

መሰብሰቡ ደግሞ ከማስቀመጡ ይከፋል፤ ቀኑ መሽቷል፣ ሰው ደክሟል። ከጥቅምት ወዲያ የቀይ እሸት ቡና ጊዜ ሲሆን የመኪናው ጥድፊያ ይጨምራል፤ በበልግ ወራት ደግሞ ከከፍታዎቹ ጭጋግ ይወርዳል። የሚነሣው የተቀመጠበትን ተገልብጦ ነው፦ መጨረሻ የተቀመጠው ኮን መጀመሪያ፣ የማስጠንቀቂያው ምልክት ከሁሉ በኋላ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ከመኪናው ቅርብ ያለው መነሣቱ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላው ነገር ቆጠራ ነው። ጠዋት 25 ወጥቶ ማታ 24 ከተመለሰ አንዱ መንገድ ላይ ነው፤ ወይም አንዱ ባለቤት አግኝቷል፤ በየመኪና ማቆሚያው ቦታ ሲጠብቁ የምናያቸው ኮኖች ከሰማይ አልወረዱም። የጎደለውን ፈልጎ ሳያገኝ መኪናው አይሂድ። ድንጋይ ተደርጎ ከነበረም፣ ድንጋዩ በዚያው ቆጠራ ውስጥ ይግባ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ አኑሯል። አዋጁ ስለ ኮን አይናገርም፤ ሊናገርም አይጠበቅበትም። ነገር ግን የዚያን ዕለቱን መግለጫ ዛሬ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ ጭነቱ በተገላቢጦሽ ተጭኖ ነበር፤ ድርቡ ከስፖንዳው በላይ ነበር፤ ገመድ አልታሰረም፤ ለሠራተኛው ከጭነቱ በላይ እንጂ ሌላ መቀመጫ አልተሰጠውም፤ ይህን ሁሉ መሐንዲሱ ቆሞ አይቷል። ልጁ ያጠፋው ነገር ቢኖር ውጣ ሲሉት መውጣቱ ነው።

ውጭ በር ላይ አንድ አይሱዙና 25 ኮኖች አሉ፤ ጫኝና አውራጆችም ልምዳቸውን ሊያካፍሉን መጥተዋል። ገመዱን እንዴት እንደሚያጠብቁ ከእኔ ይልቅ እነርሱ ቢያሳዩአችሁ ይሻላል። ሳይመሽ እንውጣ፤ ጥያቄ ያላችሁም እዚያው እንነጋገራለን።