ኮባን በጓሯችን እንትከል
ለእንጅባራና ለአካባቢዋ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ስለ ገብሱና ስለ ድንቹ፣ ስለ ስንዴውና ስለ ዲከረንሱ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ ጓሮ፣ በተለይም በጓሮ ስለሚተከል አንድ ባለ ሰፊ ቅጠል ተክል ነው።

ደጁን በሰፋፊ ቅጠል ማስዋብ የማይወድ ሰው የለም። ለዚህ ሲሉ አንዳንዶች ከቆላ የሙዝ ችግኝ አስመጥተው ይተክላሉ። ሙዝ ግን ሙቀት የሚፈልግ ተክል ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ ሌሊቷ ብርድ የሆነ አገር ናት። ስለዚህ እዚህ የተተከለ ሙዝ ቅጠል ቢያወጣም ዕድገቱ ይዘገያል፤ ቢያፈራም ፍሬው ደኅና አድርጎ አይጎመራም፤ አመዳይ ሲወርድ ደግሞ ቅጠሉ ይቃጠላል። ለዐይንም ለጉሮሮም ሳይሆን ይቀራል ማለት ነው።

መልኩ የቆላ፣ ጠባዩ ግን የደጋ የሆነ ተክል በእጃችን አለ። እርሱም ኮባ ነው።

ኮባ ምን ዐይነት ተክል ነው?

እኛ ኮባ የምንለው በደቡብ እንሰት ከሚባለው ጋር አንድ ዘር ነው። ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ይበቅላል። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆጮና ቡላ እየተደረገ 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይተዳደርበታል።

ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በ1763 ዓ.ም. (1770 እ.ኤ.አ.) ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። በኋላ ባሳተመው መጽሐፉ እንሰት በጎንደር እንደሚበቅል፣ በሜጫ ደግሞ በብዛት ተተክሎ ለሕዝቡ ምግብ እንደነበረ ጽፏል። በ1853 እ.ኤ.አ. ደግሞ በምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዘሩን ለንደን አጠገብ ወዳለው የኪው የአትክልት ቦታ ልኮታል። ዛሬ በአውሮፓ ሰዎች ለውበት ሲሉ ይተክሉታል፤ ክረምታቸው በረዶ ስለሆነም ነቅለው ከጣራ ሥር ያሳድሩታል። እኛ ግን ከደጃችን ዓመቱን ሙሉ ልናቆመው እንችላለን።

ጥቅሙስ?

አንደኛ፣ ለበዓል ወይም ለሠርግ ድፎ ዳቦ ሲጋገር የኮባ ቅጠል ያስፈልጋል። ቅጠሉ ዳቦው እንዳያር ይጠብቀዋል፤ መልካም ሽታም ይሰጠዋል። ኮባ በጓሮዋ የሌላት እመቤት ከጎረቤት ትለምናለች ወይም ከገበያ ትገዛለች። ያላት ግን የተረፋትን ትሸጣለች።

ሁለተኛ፣ በበጋ ሣር ሲደርቅ ቅጠሉና ግንዱ ለከብት ይሰጣል። ውሃ የበዛበት ስለሆነ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ከጭድ ወይም ከድርቆሽ ጋር ይሰጥ።

ሦስተኛ፣ ቅጠሉ የዝናቡን ጠብታ ስለሚያበርደውና ሥሩ አፈሩን ስለሚይዝ የጓሮው አፈር በጎርፍ አይታጠብም።

አተካከሉ

ቦታ ስትመርጡ ሁለት ነገር ተመልከቱ። ውሃ የሚተኛበት ሥፍራ ሥሩን ያበሰብሳል፤ ስለዚህ ውሃ የሚሸሽበት ይሁን። ነፋስ ደግሞ ቅጠሉን ይተለትለዋል፤ የተተለተለ ቅጠል ለዳቦ አይሆንም። ስለዚህ ከቤት ጀርባ ወይም ከቀርቀሃ አጥር ሥር ትከሉት። ከቤቱ ግድግዳ ግን 3 ሜትር ያህል አርቁት።

በሚያዝያ ወር ጥልቀቱም ስፋቱም 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። በጉድጓዶቹ መካከል ከ2 እስከ 3 ሜትር ተዉ። የአካባቢያችን አፈር ኮምጣጣ መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለዚህ የበሰበሰ ፍግና ጥቂት የምድጃ አመድ ከአፈሩ ጋር ደባልቃችሁ ሙሉት። ዝናቡ ሲጠና በግንቦት ወይም በሰኔ ትከሉ።

ከኅዳር እስከ ጥር አመዳይ ሲያሠጋ ለጋውን ተክል በገለባ አልብሱት። ፍልፈልና ጃርት ሥሩን ስለሚበሉ ዙሪያውን ዘወትር ተመልከቱ። ቅጠል ስትቆርጡም ከውጪ በኩል ያለውን ብቻ ቁረጡ፤ የመካከለኛውን ጥቅልል ቅጠል አትንኩ።

ችግኝ ስለ ማፍላት

ሙዝ ከሥሩ ልጆች ያወጣል፤ ኮባ ግን ካልረዱት አያወጣም። አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ፍሬ ከሰጠ በኋላም ይሞታል። ስለዚህ ሳያብብ ዘሩን አብዙት።

ከሦስት እስከ አራት ዓመት የሆነው ጤነኛ ኮባ ይመረጥ። በየካቲት ወይም በመጋቢት ግንዱን ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ደቡቦች አሚቾ የሚሉትን፣ ከመሬት ውስጥ ያለውን ወፍራም ሥር አውጡና የመካከሉን ልብ በቢላዋ ፈልቅቃችሁ ጣሉ። ሥሩን ፍግ ባለበት ጉድጓድ ውስጥ መልሳችሁ አፈር አልብሱት። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ዙሪያውን ችግኝ ያወጣል። ከአንድ ሥር 50 እና ከዚያም በላይ ሊገኝ ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት ለያይታችሁ ትከሉ፤ ለጎረቤትም አካፍሉ።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ

አጠውልግ የሚባል የእንሰት በሽታ አለ። በባክቴሪያ የሚመጣ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በሀገራችን በእንሰት ላይ መኖሩ በጽሑፍ ተገለጠ፤ በኋላም በሙዝ ላይ ታየ። በ2001 እ.ኤ.አ. ዩጋንዳ ገብቶ ብዙ የሙዝ ተክል አጥፍቷል። የሚረጭ መድኃኒት የለውም።

ምልክቱ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ የመካከሉ ቅጠል ይጠወልጋል፣ ይወይባል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል።

በሽታው በዋነኛነት የሚተላለፈው በቢላዋና በታመመ ችግኝ ነው። ስለዚህ ከሩቅ አገር በመኪና የመጣ፣ ከየት እንደተነቀለ የማይታወቅ የኮባም ሆነ የሙዝ ችግኝ አትግዙ። ለዓመታት ጤናውን ካያችሁት ከጎረቤታችሁ ተክል አፍሉ። አንዱን ቆርጣችሁ ወደ ሌላው ስትሄዱ ቢላዋውን በእሳት ለብልቡት ወይም በበረኪና እጠቡት። የታመመ ካገኛችሁ ከነሥሩ ነቅላችሁ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት፤ ለከብት አትስጡት፤ ለልማት ሠራተኛውም ወዲያው ንገሩ።

እናንተም የልማት ሠራተኞች፣ በየቀበሌያችሁ ጤነኛ ኮባ ያላቸውን ቤቶች መዝግቡ። ችግኝ ለሚፈልግ ሰው ቅርቡን ቤት ለማሳየት ያገለግላችኋል። ልብ የመፈልቀቁንም ሥራ በአንድ ገበሬ ጓሮ፣ ሴቶችም ባሉበት፣ በእጃችሁ ሠርታችሁ አሳዩ።

በዚህ ዓመት እያንዳንዱ ቤት ሦስት ኮባ ቢተክል ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዳቦ ቅጠል የሚለምን ቤት አይኖርም፤ ደጁም ያምራል። ጉድጓዱን ከሚያዝያ አታሳልፉት።