ስለ ሠራዊት ስንቅና ትጥቅ ሙያ፤ ሥልጠናውና የምደባው ተስፋ
(ለሠልጣኞች የተደረገ ንግግር)



በዚህ ክፍል እንድትማሩ ከተመረጣችሁት መካከል ጥቂቶቻችሁ ቅር መሰኘታችሁን ሰምቻለሁ። «ጠብመንጃ ይዘን እንዘምታለን ስንል የግምጃ ቤት ቍልፍ ያዙ ተባልን» ያላችሁ አላችሁ። ቅሬታው የሚያሳፍር አይደለም፤ ነገር ግን የተመሠረተው ሙያውን ካለማወቅ ስለ ሆነ፣ በዛሬው ንግግሬ ስለ ደመወዝና ስለ ማዕርግ ከማውራት ይልቅ ይህ ሥራ በእውነት ምን እንደ ሆነ ማስረዳትን መርጫለሁ። ለዚሁም ምሳሌ የሚሆነኝን ከጎረቤታችን ከሱዳን አመጣለሁ።

ከካርቱም በስተ ደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ዳር ካላክላ የሚባል ስፍራ አለ። ዛሬ የከተማይቱ አንድ ክፍል ሆኗል። በ1876 ዓ.ም. የማህዲ ሠራዊት ካርቱምን በከበበ ጊዜ፣ የጦር አለቃው አብዱራሕማን አን-ኑጁሚ ከሰፈረባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ካላክላ ነበር። በከተማይቱ ውስጥ የነበረው የእንግሊዙ ጄኔራል ጎርደን ምሽግና መድፍ ነበረው፤ በወንዙም ላይ የታጠቁ መርከቦች ነበሩት። ነገር ግን ከበባው ዐሥር ወር ያህል በቈየ ጊዜ እህሉ አለቀ፤ ወታደሩም አህያና ውሻ እስከ መብላት፣ ሙጫ እስከ ማኘክ ደረሰ። በጥር 1877 ዓ.ም. ከተማይቱ ስትያዝ ምሽጉን ይጠብቅ የነበረው ሰው በረኀብ የደከመ ነበር። ሊረዳው የተላከው ጦር መርከቦች የደረሱት ከተማይቱ ከወደቀች ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ይህ ረዳት ጦር የዘገየበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሆኖም ጀልባዎቹን በዓባይ ፏፏቴዎች ላይ ለማሳለፍ የወሰደው ጊዜና በበረሓ ላይ የደከሙት ግመሎች ከዋነኞቹ መካከል ናቸው። እንግዲህ ለሁለት ቀን መዘግየት የግመል ቍጥርና የግመል አያያዝ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው እናንተው መዝኑት።

ከዚያ ከ56 ዓመት በኋላ ያችው ካርቱም ለእኛ ነጻነት መነሻ ሆነች። ከካላክላ በስተ ምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር ባለችው በሶባ፣ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የመኰንንነት ትምህርት ተሰጣቸው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ወደ ጎጃም ገቡ። የዚህን ዘመቻ ጀግንነት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የጭነቱን ታሪክ ግን የሚተርክ ጥቂት ነው። ለዘመቻው ከሱዳን የተሰበሰቡት ግመሎች 15,000 ገደማ ነበሩ፤ ዘመቻው ሲፈጸም በሕይወት የቀሩት እጅግ ጥቂት ናቸው። የቈላው ግመል ወደ ደጋው ሲወጣ ብርዱንና ሣሩን አልለመደውም፤ ጭነቱ በዝቶበት ጀርባው ቈሰለ፤ አያያዙን የሚያውቅ ነጂም አነሰ። ወደ በላያ ተራራ የሚወስደው መንገድ በሬሳቸው ተሞላ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ሥልጠናችሁ ከዚህ ይጀምራልና። አንድ ግመል 150 ኪሎ ተጫነ እንበል። በመንገዱ ግጦሽ ከሌለ በቀን 4 ኪሎ እህል ይበላል እንበል። ጉዞው ዐሥር ቀን ሄዶ ዐሥር ቀን መመለስ ከሆነ 80 ኪሎውን ራሱ ይበላዋል፤ ለወታደሩ የሚደርሰው 70 ኪሎ ብቻ ነው። መንገዱ ዐሥራ አምስት ቀን ቢሆን 30 ኪሎ ይቀራል። ከዐሥራ ስምንት ቀን ቢያልፍ ግን ግመሉ የሚሄደው የራሱን ስንቅ ለመሸከም ብቻ ይሆናል። ዛሬ ጭነቱ በካሚዮን ነው፤ ይሁን እንጂ ካሚዮንም ነዳጁን ይበላል፤ ሕጉ አልተለወጠም። አንድ አዛዥ «ወደዚያ ስፍራ እንዘምታለን» ባለ ጊዜ፣ ስንት ቀን መቈየት እንደሚቻል አስልቶ የሚነግረው የስንቅና ትጥቅ ባለሙያ ነው። ይህን ለመናገርም ድፍረት ያስፈልጋል፤ አዛዦች ሁልጊዜ መስማት የሚወዱት ቍጥር አይደለምና።

ስንቅ ሲባል ደግሞ እህል ብቻ አይምሰላችሁ። በዚያው በ1933 ዘመቻ የጎጃም ገበሬ የወረቀት ገንዘብ አይቀበልም ነበርና፣ ማርትሬዛ ብር በሣጥን ተጭኖ መሄድ ነበረበት። በዐድዋው ዘመቻም፣ በ1888 ዓ.ም.፣ የመቀሌ ምሽግ የተለቀቀው የውሃው ምንጭ በኢትዮጵያ ጦር እጅ ከገባ በኋላ ነው። ብርም፣ ውሃም፣ የጫማ ጥፍርም ስንቅ ነው።

አሁን ወደ ሥልጠናው ልመለስ። የምትማሩት በመጀመሪያ መቍጠርና መመዝገብ ነው። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይፈረማል፤ ይህ ወረቀት ለብዙዎች አሰልቺ መስሎ ይታያል። ዳሩ ግን ያለ ፊርማ የወጣ አንድ ኩንታል ዱቄት ሌላ ስፍራ የአንድ ሻምበል ቍርስ እንደ ነበረ አስቡ። ቀጥሎ የእህልን፣ የመድኃኒትንና የነዳጅን አጠባበቅ፣ የጥይትን አከማቸት፣ የመንገድንና የወቅትን ጠባይ ታጠናላችሁ። ከዚህ በላይ መማር የሚሻ፣ ዛሬ በመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሀብት አስተዳደር ትምህርት የሚሰጥ ኮሌጅ አለ። በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚከብደው የመጋዘኑ ባለቤት መስሎ አለመታየት ነው። ሳይቀበል የሚፈርም፣ ሳይመዝንም የሚያስረክብ ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ስለ ምደባው የጠየቃችሁኝ «ወደ ውጭ አገር እንላካለን ወይ» ብላችሁ ነው። አብዛኞቻችሁ መጀመሪያ የምትመደቡት በክፍለ ጦር ግምጃ ቤት ነው። የሰላም ማስከበር አገልግሎት ግን የዚህን ሙያ ዋጋ ከፍ አድርጎታል። በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ባለችው በአቢዬ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሌሎች አገሮች ጦር እስኪተካ ድረስ ሰላም ያስከበረው የኢትዮጵያ ጦር ነው፤ ሲጀመር የተፈቀደው የጦሩ ቍጥር 4,200 ነበር። በእንዲህ ያለው ተልእኮ የተባበሩት መንግሥታት ቀለብና ነዳጅ ያቀርባል፤ ለተሽከርካሪውና ለመሣሪያው ደግሞ ለአገሪቱ ኪራይ ይከፍላል። ክፍያው የሚፈጸመው ግን ተቈጣጣሪዎች መጥተው ዕቃው መሥራቱን ሲያረጋግጡ ነው። በመለዋወጫ እጦት የቆመ ካሚዮን አይከፈልበትም። እንግዲህ መለዋወጫውን በወቅቱ ያዘዘ አንድ የትጥቅ ሹም ለመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ አስገባ ማለት ነው።

ወደዚያ መሄድ የሚመኝ ግን ይህን ይወቅ። በአቢዬ ዝናቡ በግንቦት ይጀምራል፤ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሲሆን መንገዱ ለወራት ለካሚዮን ይዘጋል። የጥያቄውን ወረቀት በጥርና በየካቲት ያልላከ ሰው በሐምሌ ሄሊኮፕተር ሲለምን ይገኛል፤ ሄሊኮፕተሩም ጥቂት ኩንታል ብቻ ነው የሚያነሣው።