በአንጎል ሥዕል ላይ ስለሚያጠላው ጥላ

በጣራ ገዳም ሥር ካለችው ከአዲስ ዘመን ወይም ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ የሕመሙ ምሥጢር እንዲገለጥለት እስከ ባሕር ዳር ወይም እስከ አዲስ አበባ ተጉዞ በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ የተጋደመ ሕሙም፣ የአንጎሉን ሥዕል በአንድ ወገን ፈክቶ በሌላው ጠቁሮ ቢያገኘው፣ ጥቁረቱ ሁሉ ደዌ እንዳልሆነ ይወቅ።

የቤተ መቅደስ ሥዕል በጧፍ ሲታይ ለብርሃኑ የቀረበው እንደሚደምቅ ሁሉ፣ ራስን ከቦ ምልክት የሚቀበለው ጥቅል ሽቦም የቅርቡን አጉልቶ የጥልቁን አሳንሶ ይመዘግባል። የማግኔቱ ኃይል 3 ቴስላ በሆነ መሣሪያ ደግሞ ወደ ራስ የሚላከው የራዲዮ ሞገድ በሴኮንድ 128 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ስለሚርገበገብ፣ በአንጎል ውስጥ ርዝመቱ ወደ 26 ሴንቲ ሜትር አጥሮ ከራስ ስፋት ጋር ይቀራረብና መካከሉን ያለ አግባቡ ያደምቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚመጣው ጥላ ቀስ እያለ የሚለዋወጥ፣ የአንጎል ክፍሎች ወሰን ግን በድንገት የሚለይ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውና በ2010 ኤን4 ተብሎ የተሻሻለው ስሌት ለስላሳውን ጥላ ገምቶ፣ ሥዕሉን ለርሱ አካፍሎ ብርሃኑን ያስተካክላል። ሐኪሙ ግን ያልታረመውንም ሥዕል አጠገቡ እንዲያኖር አጥብቄ እለምናለሁ፤ ሰፊና ደብዛዛ ቁስል ከጥላው ጋር ተቈጥሮ ሊፋቅ ይችላልና።