ውኃ አለቀ ብሎ የሚያውጅ ማን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሰሞን በመኝታ ቤታችን ውኃ ለሦስት ቀን ሲቋረጥ አዋጅ ያወጀልን ሰው አልነበረም። ባልዲያችንን ይዘን ወረድን፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። እኔ ግን ወረፋ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። አንድ ጠቅላይ ግዛት «የውኃ እጥረት አደጋ ደርሶብናል» ብሎ የሚያውጀው ምን ቆጥሮ፣ ማንንስ ጠይቆ ነው? ለዚህ ከደቡብ አፍሪካዋ ከኬፕ ታውን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ኬፕ ታውን ውኃዋ የሚጠራቀመው በስድስት ትልልቅ ግድቦች ሲሆን፣ ቲዋተርስክሉፍ የሚባለው ብቻውን ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ ይይዛል። ከ2015 እስከ 2017 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሦስት ክረምት በተከታታይ ዝናቡ አነሰ። እንግዲህ ድርቅ እንደ ጎርፍ ወይም እንደ እሳት ቃጠሎ «አሁን መጣ» የሚባልበት ሰዓት የለውም። ባለሥልጣኖቹ የግድቡን ከፍታ ይለካሉ፤ በየቀኑ የሚወጣውን ያሰላሉ፤ እስከሚቀጥለው ዝናብ ስንት ቀን እንደቀረ ይቆጥራሉ። በግድብ ያለ ውኃም ሁሉ አይጠጣም፤ ከታች የሚቀረውን የመጨረሻውን አንድ አሥረኛ ማውጣት እጅግ ይቸግራል። ስለዚህ ግድቦቹ ወደ 13.5 በመቶ ሲወርዱ የየቤቱ ቧንቧ እንዲዘጋና ሕዝቡ በ200 ያህል ቦታ ተሰልፎ በነፍስ ወከፍ በቀን 25 ሊትር እንዲቀዳ ታቀደ። ያን ቀን «ዜሮ ቀን» አሉት።

ቁጥሩ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ማወጁ ምን ያስቸግራል ትሉኝ ይሆናል። አዋጅ ማለት ገንዘብና ሥልጣን ስለሆነ ያስቸግራል። በ2002 በወጣው የአገሪቱ የአደጋ አስተዳደር ሕግ መሠረት አደጋ የአካባቢ፣ የጠቅላይ ግዛት ወይም የመላ አገር ይባላል፤ መደቡን የሚለየው ማዕከላዊው መሥሪያ ቤት ነው። አዋጁ ከወጣ አስቸኳይ ግዢ ይፈቀዳል፤ የጠቅላይ ግዛቱ አዋጅ ግን በየወሩ ካልተራዘመ ከሦስት ወር በኋላ ይሻራል። በዚያ ላይ ትልቁ ግድብ የማዕከላዊው መንግሥት፣ ለየቤቱ ማደሉ የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ነበር፤ ከተማውንና ጠቅላይ ግዛቱን የሚገዛውም ተቃዋሚው ፓርቲ ነበር። የምዕራብ ኬፕ ርእሰ መስተዳድር ሔለን ዚል አዋጁን ያወጁት በሜይ 22 ቀን 2017 ነው። የመላ አገር አደጋ ተብሎ የታወጀው ግን በማርች 13 ቀን 2018፣ «ዜሮ ቀን ዘንድሮ አይመጣም» ከተባለ ከጥቂት ቀን በኋላ ነው! በሽተኛው ካገገመ በኋላ ሐኪም ደረሰ። (የኋለኛው አዋጅ በድርቅ የተጎዱ ሌሎች ጠቅላይ ግዛቶችንም ይመለከት እንደነበር አልክድም።)

ከተማይቱን ያቆያት ሌላ ነው። ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ተፈቀደ፤ ገበሬዎች ከራሳቸው ግድብ 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ለቀቁላት፤ ከዚያም ዝናቡ መጣ።

እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው። በከተማዋ ዳር በቆርቆሮ ቤት የሚኖረው ሕዝብ ከድርቁ በፊትም ከቦኖ ተሰልፎ ይቀዳ ነበር። ለእርሱ «ዜሮ ቀን» የዘወትር ኑሮው ነው። «አደጋ» የሚለው ቃል የተሰማው የአትክልት ቦታና የመዋኛ ገንዳ ያለው ቤት ቧንቧ ሲያሰጋ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ጉዳዩ ለመሐንዲሶች ይተው ይላሉ። አልስማማም። መሐንዲስ ስንት ቀን እንደቀረ ይነግረናል፤ የማን ቧንቧ ቀድሞ እንደሚዘጋ ግን ስሌቱ አይነግረውም። በካሊፎርኒያ ሕግ የውኃ አዳዩ ድርጅት ቦርድ የሚያውጀው፣ የተለመደውን ፍላጎት ቢያሟላ ለመጠጥ፣ ለንጽሕናና ለእሳት ማጥፊያ የሚበቃ ውኃ እንደማይተርፍ ሲያረጋግጥ ነው። ግድብ ወይም ቧንቧ ተሰብሮ ካላስቸኮለው በቀር፣ አስቀድሞ ሕዝባዊ ስብሰባ መጥራት አለበት፤ ማስታወቂያውም ቢያንስ ከሰባት ቀን በፊት በጋዜጣ ይወጣል፤ ውኃ ተጠቃሚው ቀርቦ ሊቃወም ይችላል። ይህን ደንብ እወደዋለሁ። ሆኖም ጋዜጣ የማይገዛው ባለ ጀሪካን ስብሰባውን ከወዴት ይሰማል? በዚህ ላይ የሕግ ተማሪዎች የሚሉትን ለመስማት እጓጓለሁና መድረኩን ለጥያቄ እለቃለሁ።