አራተኛ ክፍለ ጦር፦ የሕዝብ ጥያቄ ካምፕ ገብቶ የቀረበት ግቢ

(በወጣቶች የውይይት መድረክ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ግቢ ነው። መስቀል አደባባይ አካባቢ «አራተኛ ክፍለ ጦር» ሲባል አብዛኞቻችን የሰፈር ስም እንጂ ሌላ ነገር አይመጣብንም። ግን የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ የዚች አገር ዕጣ የተወሰነው እዚያ የጦር ካምፕ ውስጥ ነው። እንዴት እንደተወሰነ ካላወቅን ነገም እንደዚያው ይወሰንብናል።

በጃንሆይ ዘመን ጦሩ በአራት ክፍለ ጦር የተደራጀ ነበር። አንደኛው ክቡር ዘበኛ ነው፤ ሁለተኛው አስመራ፣ ሦስተኛው ሐረር ይቀመጣሉ። የአራተኛው ጠቅላይ መምሪያ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ብዙም ሳይርቅ ነበር።

1966 ዓ.ም. ላይ እንምጣ። ጥር ላይ ነገሌ ቦረና የሰፈሩ ወታደሮች አመፁ። ምክንያቱ ምን ነበር? ምግቡ የማይበላ ሆነ፣ የውሃ ፓምፓቸው ተበላሸ፣ መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ አታገኙም አሏቸው። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተላኩትን ጄኔራል ያዙና «እኛ የምንበላውን ብሉ» አሏቸው። ነገሩ የጀመረው በቃ ከሆድና ከውሃ ነው።

የካቲት ላይ ከተማው ተነሳ። መምህራን ሥራ አቆሙ፣ የነዳጅ ዋጋ ያንገበገባቸው ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ፣ ተማሪው ወጣ። የወሎ ረሃብ የሁሉንም ልብ አቁስሎ ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ። የሠራተኛ ማኅበሩ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ሚያዝያ ላይ ሙስሊም ወገኖቻችን የእኩልነት ጥያቄ ይዘው በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ አደረጉ፤ ክርስቲያኑም አብሯቸው ወጣ። እስቲ አስቡት፣ አገሩ ሁሉ ተነስቶ እኮ ነው!

ግን አንድ ነገር ጎደለ። ሁሉም ለየራሱ ጥያቄ ወጣ እንጂ «ይህ መንግሥት ሲወድቅ ማን ይረከበው?» ለሚለው መልስ ይዞ የቀረበ አልነበረም። በሕጋዊ መንገድ የሚንቀሳቀስ የፖለቲካ ፓርቲም በአገሩ አልነበረም።

መልሱን ያዘጋጀው ካምፑ ነው። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ ከመቶ በላይ ሰዎች በአራተኛ ክፍለ ጦር ተሰበሰቡ። ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ናቸው፤ ከሻለቃ በላይ አልተፈለገም። ከሐረር የመጣውን ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ሊቀመንበር፣ የአራተኛ ክፍለ ጦሩን ሻለቃ አጥናፉ አባተን ምክትል አደረጉ። «ደርግ» ማለት ኮሚቴ ማለት ነው። ግን ወኪል ነበረው፣ ጠመንጃ ነበረው፣ የሚሰበሰብበት ግቢ ነበረው። ሕዝቡ ከነዚህ አንዱም አልነበረውም።

«ኢትዮጵያ ትቅደም» አሉ፣ ያለ ደም እንለውጣለን አሉ። ሕዝቡም አመናቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥታቸው አውጥተው በቮልስዋገን አሳፈሯቸውና ወዴት ወሰዷቸው? ወደዚሁ ግቢ፣ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። የሠራተኛ ማኅበሩና ተማሪው «ሥልጣን ለሕዝብ ይሰጥ፣ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም» ሲሉ የማኅበሩ መሪዎች ታሰሩ። ከራሱ ከጦሩ የመሐንዲስ ክፍል ይህንኑ ሲጠይቅ በዚያው ወር መጨረሻ በጦር መሣሪያ ጸጥ ተደረገ። ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተገደሉ። አክሊሉም፣ ተተኪያቸው እንዳልካቸው መኮንንም ከሟቾቹ መሃል ነበሩ። የደርጉ ሊቀመንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶምም በዚያው ምሽት ቤታቸው ውስጥ ሞቱ። «ያለ ደም» የተባለው ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም።

ጥር 1969 ላይ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ተገደሉ። ህዳር 1970 ላይ የመጀመሪያው ምክትል አጥናፉ ራሱ ተገደለ። በመሃል ደግሞ በቀይ ሽብር ስንት የእኛ ዕድሜ ልጅ መንገድ ላይ ቀረ! መስቀል አደባባይ ያለውን የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያላያችሁ ሄዳችሁ እዩት። የፎቶዎቹን ፊት ስታዩ አብዛኛው እናንተን ያክላል።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ። የወታደሩን ክብር እየነካሁ አይደለም። ካራማራ ላይ ደሙን ያፈሰሰው ያው የኢትዮጵያ ወታደር ነው፤ ለሱ ሁሌም እቆማለሁ። ነገሌ ላይ ውሃ የጠማው ወታደርም ጥያቄው ትክክል ነበር። ስህተቱ የአገር ጥያቄ ተጠያቂነት ወደሌለበት፣ በሩ ወደተዘጋ ግቢ መግባቱ ነው። አንዴ ከገባ በኋላ ማን ይጠይቀዋል?

ለምን ይህን አነሳሁ? ኮሜንት ላይ በየቀኑ «አንድ ቆራጥ ወታደር ቢመጣ ነበር» የሚል አነባለሁ። ምሬቱ ይገባኛል። እኔም ዲግሪ ይዤ ሦስተኛ ዓመቴን ሥራ ፍለጋ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር የምቆም ልጅ ነኝ። ግን ወንድሜ፣ ቆራጡ ሰው እኮ መጥቶ ነበር! አባቶቻችን ጠብቀውት፣ አጨብጭበውለት፣ ኋላ ልጆቻቸውን ቀብረዋል። እሱም ጉልበት አላጣም፤ ያጣው «ተው» የሚለው ሰው ነው።

ስለዚህ ሥራችን ግልጽ ነው። በየሰፈሩ እንሰባሰብ። ወኪል እንምረጥ፣ የመረጥነውንም መጠየቅና ማውረድ እንልመድ። «ይውረድ» ከማለታችን በፊት «ማን፣ በምን ሕግ ይተካው?» ብለን ወረቀት ላይ እንጻፍ። ከኛ የሚለየውን ልጅ እንስማው፤ ዛሬ በቃል ያልሰማነውን ነገ በጥይት ነው የምንነጋገረው። በዚያ በር ስታልፉም ቆም ብላችሁ እዩትና ለታናናሾቻችሁ ንገሯቸው።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!