ስለ ይሉኝታ ጥቂት ቃል
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ በጽሕፈት ሥራ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ እንጂ ሊቅ አይደለሁም። የምናገረውም በየቤታችን ስላለ ነገር፣ ስለ ይሉኝታ ነው። ቃሉ ራሱ «ይሉኛል» ከማለት የመጣ ነው። ሰው ገና አፉን ሳይከፍት እኛ ቀድመን ፊቱን በልባችን እናያለን፤ ያ ፊት አንዱን ሥራ ያሠራናል፣ ሌላውን ያስተወናል።

ዕቁብን ተመልከቱ። 20 ሰዎች ገብተው ዕጣው በመጀመሪያ ለአንዱ ቢወጣ፣ ገንዘቡን ከበላ በኋላ ገና 19 ጊዜ ይከፍላል። ምን ያስከፍለዋል? ዳኛ አለ፣ ዋስ አለ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ደመወዙን ይዞ በመሸታ ቤት በር ሲያልፍ ዳኛው አብሮት የለም። እግሩን የሚይዘው፣ ዋስ የሆነው ወዳጁ በሰው ፊት ሲያፍር አስቀድሞ ስለሚታየው ነው።

ዳሩ ግን ይሉኝታ ሁለት መልክ አለው። «ምን ይሉኛል» አንድ ነው፤ «ምን ይሰማቸዋል» ሌላ ነው። የፊተኛው ለራስ ማሰብ ነው፤ የኋለኛው ለሰው ማሰብ ነው።

«ምን ይሉኛል» ብቻውን ሲነዳን የት እንደሚጥለን እናውቃለን። ሐዘንተኛዋ ለ40ው ቀን ተበድራ ትደግሳለች። እንግዳው በልቶ ይሄዳል፤ ዕዳው ከልጆቹ ጋር ይቀራል። እሷ ሐሜት ፈራች፤ እኛም «ተይው» ለማለት አፈርን። ማንም ክፉ አላሰበም፣ ቤቱ ግን ተራቆተ።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። «በብድር አይደገስ፤ ዳቦና ንፍሮ ይበቃል» የሚል ደንብ ዕድሩ ያውጣ። ያን ጊዜ የሚያማም ቢኖር ዕድሩን ይማ፤ እሷ ትዳን።

በለቅሶ ስለ መቅረትም ልናገር። ቅጣት የከፈለ ሰው ዕዳውን የጨረሰ ይመስለዋል። ሐዘንተኛው ግን ድንኳን ውስጥ ቀና ብሎ የሚፈልገው ሳንቲማችንን አይደለም፤ ፊታችንን ነው። በብርድ ማለዳ ከመኝታ መነሣት ሲከብደን ቅጣቱን ሳይሆን ያንን ዓይን እናስብ። ያነሣናል። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነውና።