ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ሰው ሲሞትብን ብቻችንን እንዳንቀር የሚያደርግ መልካም ልማድ አለን። መርዶው በማለዳ በዘመድና በሽማግሌ ይነገራል፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤትም እንጀራውን ይዞ ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። እኔ ግን ዛሬ ልናገር የምሻው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ስላለው ጊዜ፣ ይልቁንም ስለ አረጋውያን ሐዘን ነው።

በሠፈራችን አንድ አዛውንት አሉ። ከ50 ዓመት በላይ አብረዋቸው የኖሩት ባለቤታቸው ባረፉ ጊዜ ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። ከሣልስቱ በኋላ ሰው እየቀነሰ ሄደ፤ ከዐርባው በኋላም ጨርሶ ቀረ። ቀድሞ ጎረቤት በዚያ ቤት የሚሰበሰበው ሟቿ በሚያፈሉት ቡና ነበርና፣ ጀበናው ሲቀዘቅዝ እግርም አብሮ ቀረ። አንድ ቀን በመንገድ አግኝቼ «እንደምን ሰነበቱ፣ አባባ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ባለቤቴን የወሰዳት እግዚአብሔር ነው፤ አልከራከረውም። ጎረቤቶቼንስ ማን ወሰዳቸው?» ሲሉ መለሱልኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ ከቀሩት ጎረቤቶች አንዱ እኔ ነበርሁና።

ወጣት ሐዘንተኛ ወደ ሥራው ሲመለስ ቀኑ ይሞላለታል። አረጋዊ ግን ከትዳር ጓደኛው ጋር የዕለት ውሎውንና የወጣትነቱን ምስክር ጭምር ያጣል። ከዚህም የተነሣ ይታመማል። ባል ወይም ሚስት የሞተባቸው አረጋውያን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ራሳቸው ለሞት የበለጠ እንደሚጋለጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የይሉኝታ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ መጎብኘትን ከዐርባው በኋላ እንጀምር እንጂ በዐርባው አንጨርስ። ሁለተኛ፣ ስለ ሟቹ ሲያወሩ «ይርሱት» አንበላቸው። ያንኑ ታሪክ አሥር ጊዜ ቢነግሩን አሥር ጊዜ እናድምጥ፤ ሐዘን የሚቀልለው ሲነገር ነው።

ሦስተኛ፣ «ልባቸው አይችልም» በማለት የልጅን ሞት ከአረጋዊት እናት የሚደብቁ ቤተሰቦች አሉ። እናት ግን ነገሩን ከሰው ፊት ታነበዋለች፤ በመጨረሻም በሐዘኑ ላይ መታለል ይጨመርባታል። መርዶው በወጉ፣ በሚያከብሯቸው ሰዎች አንደበት ይነገራቸው።

አራተኛ፣ በሐዘኑ ሰሞን ቤታቸውን ለመሸጥ ወይም እነርሱን ወደ ሌላ ስፍራ ለመውሰድ አንቸኩል። የትዳር ጓደኛቸውን ያጡ ሰው ደጃቸውንና ደብራቸውን ደግሞ ሲያጡ ሐዘኑ እጥፍ ይሆናል። ምክራቸውን እንጠይቅ፤ የሚችሉትንም ሥራ አንቀማቸው።

አምስተኛ፣ ማልቀስ በሽታ አይደለም። ነገር ግን ምግብ እንቢ ካሉ፣ እንቅልፍ ካጡ፣ «ምነው እኔንም በወሰደኝ» ማለትን ካዘወተሩ፣ «እርጅና ነው» ብለን ሳንተው ወደ ሐኪም እናድርሳቸው። በ2014 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የዓለም የጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብም፣ ከ6 ወር በላይ ዘልቆ ኑሮን የሚያሰናክልና ከአገሬው ልማድ ያለፈ ብርቱ ሐዘንን ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሕመሞች ቆጥሮታል።

ወደ አዛውንቱ ልመለስና ንግግሬን ልፈጽም። ጎረቤቶች ተማክረን በሳምንት ሁለት ቀን ቡናው በእርሳቸው ቤት እንዲፈላ አደረግን። የሚቆሉት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ያሳርሩታል፤ እኛም ሦስተኛውን ሳንጠጣ አንነሣም።